የተራበ ውሃ፦ ከሰበታ በቡራዩ ወደ ሱሉልታ

ሰበታ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ከቤቴ የወጣሁት አንድ ሽማግሌ ከሥራቸው እንዳይባረሩ ለመከላከል ነው። ይህን ከመጀመሪያው መስመር ላይ የማስቀምጠው አንባቢ መጨረሻ ላይ እንዲታዘበኝ ብዬ ነው። ታዘቡኝ፣ አይከፋኝም።

ቀኑ አርብ ነው፣ ወሩ የካቲት። ትከሻዬ ላይ የውሃ መመርመሪያ ሳጥኔን፣ በፌስታል ሁለት ዳቦ፣ ከዚያ ላይ ከረቡዕ ጀምሮ ያልለቀቀኝን ንዴት ይዤ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።

ንዴቱን ያመጡብኝ አቶ ታደለ ናቸው። ሱሉልታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ ግቢው ውስጥ መዋኛ ገንዳ አለ። ረቡዕ ደውለው፣ «መምህርት፣ ገንዳዬ አለቀልኝ!» አሉ። «ግድግዳው ሞረድ ሆኗል። ሴራሚኩ እየተላቀቀ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የአንድ እንግዳ ልጅ እግሯ ተልጦ ደም በደም ሆና ወጣች። ሰውዬው በአሲድ ነው የጨረሰው። አርብ ይምጡና አይተው፣ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ጽፈው ይፈርሙልኝ። ቅዳሜ አሰናብተዋለሁ።»

«ሰውዬው» የሚሏቸው ኦቦ ገመዳን ነው። ገንዳው ከተከፈተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ጠባቂውም፣ ጠራጊውም፣ ውሃውን በየጠዋቱ የሚለኩትም እሳቸው ናቸው። ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከባለቤታቸው ከአዴ ሌንሴ ጋር ይኖራሉ። አዴ ሌንሴ ወገባቸውን ታመው አልጋ ከያዙ ዓመት አልፏቸዋል። ኦቦ ገመዳ ሥራውን ካጡ ክፍሏንም ያጣሉ። በጥፋት ከተባረሩ ደግሞ አምስት ሳንቲም ካሳ ሳያገኙ ነው የሚወጡት፤ አቶ ታደለ የእኔን ፊርማ የፈለጉት ለዚህ ነው።

እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የጡረታው ነገር የታወቀ ስለሆነ አልዘረዝረውም። የመዋኛ ገንዳ ውሃ እየመረመርኩ ነው የምኖረው። ሦስት ገንዳዎች አሉኝ፣ አንዱ እዚሁ ሰበታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ። በየሦስት ወሩ እየዞርኩ አያለሁ፤ በየቦታው ለሠራተኛው ምን ማድረግ እንዳለበት የጻፍኩበት፣ በላስቲክ የታሸገ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ኦቦ ገመዳን የመሰለ ጠንቃቃ ሰው ከተማሪዎቼም መካከል አላየሁም። እሳቸው አሲድ ያበዛሉ? ሞቼ ነው ቆሜ! እያልኩ ነበር የምወርደው።

ከመሳፈሬ በፊት አንድ ፋብሪካ በር ላይ ቆምኩ። ሳጥኔ ውስጥ ለዓመታት የኖሩት ሁለት መመርመሪያዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ክሎሪኑን ይለካል፣ አንዱ ፒኤቹን፣ ማለትም ውሃው ወደ አሲድ ያደላ እንደሆነና እንዳልሆነ። ግድግዳ በላ ለተባለ ውሃ ግን እነዚህ አይበቁም። የሟሟ ኖራው ስንት እንደሆነ፣ አልካሊኒቲው ማለትም አሲድን የመቋቋም አቅሙ ስንት እንደሆነ መለካት አለበት። የቀድሞ ተማሪዬ ብሩክ እዚያ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ የሁለቱን መመርመሪያ ጠብታዎች ላበድርዎ ብሎኝ ነበር። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ወጥቶ ጠርሙሶቹን ሰጠኝ።

«ቲቸር» አለ ግራ ገብቶት፣ «እስከዛሬ ያለ እነዚህ ነው እንዴ ሲሠሩ የነበረው?»

«አንተ ደግሞ! ወደ ሥራህ ግባ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከፋብሪካዎቹ በታች ያለው ወንዝ የዚያን ቀን ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፤ ባለፈው ሳምንት ሰማያዊ ነበር።

ከሰበታ ወደ ቡራዩ

እስከ አየር ጤና ሠላሳ ብር ከፍዬ ገባሁ። ዓለም ገና ላይ የጭነት መኪኖቹ ተቆላልፈው ግማሽ ሰዓት ቆምን። ረዳቱ ሳጥኔን አየና፣ «እናት፣ እቺን ከኋላ እናድርጋት፣ ሰው ይቀመጥባት» አለኝ።

«አይሆንም፣ ኬሚካል ነው።»

«ምን ዓይነት ኬሚካል?»

«አሲድም አለበት» አልኩ። ጎኔ የነበረችው ሴትዮ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ከዚያ በኋላ እስከ አየር ጤና ሰፊ መቀመጫ ነበረኝ። ከአየር ጤና በአሥራ ስምንት ማዞሪያ አድርጌ አስኮ፣ ከአስኮ ሌላ ታክሲ ይዤ ቡራዩ ስደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

መንገድ ላይ ሳለሁ የሒሳቡን ሠንጠረዥ አውጥቼ ሳጠና መጣሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ውሃ ኖራ ይፈልጋል። የሚበቃውን ያህል ካላገኘ ከሚያገኘው ነገር ላይ ይወስዳል፤ ገንዳ ውስጥ ደግሞ የሚያገኘው ግድግዳውን ነው። ከበቃው በላይ ካለው ትርፉን በየቦታው እንደ ነጭ ቅርፊት ይተፋዋል። ይህን የሚለካው ቁጥር ሳቹሬሽን ኢንዴክስ ይባላል፤ እኔ የውሃ ረሃብና ጥጋብ እለዋለሁ። ፒኤቹን ትወስዳላችሁ፤ ለሙቀቱ፣ ለኖራውና ለአልካሊኒቲው ከሠንጠረዡ የተሰጠውን ቁጥር ትደምሩበታላችሁ፤ ከድምሩ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ ትቀንሳላችሁ። ዜሮ ከመጣ ውሃው አልራበውም፣ አልጠገበም። ከዜሮ በታች ከሆነ ርቦታል። ይህን ሒሳብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ገንዳ ዳር ተቀምጬ ሠርቼው ግን አላውቅም ነበር።

ቡራዩ፣ አራት ሰዓት ተኩል

የቡራዩው ገንዳ ከአንድ ስፖርት ማዘውተሪያ ጀርባ ነው። ሠራተኛዋ ጫልቱ ትባላለች፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ምላሷ ግን የስልሳ ዓመት ሴት ነው። ስታየኝ «ውይ ቲቸር! ሳይደውሉ!» ብላ ሮጣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር ሄደች፤ የሆነ ነገር ነቅላ ከኋላዋ ደበቀች።

«ምንድነው?»

«ምንም።»

«ጫልቱ!»

አወጣችው። ያ በላስቲክ ያሸግኩት ወረቀቴ ነው። ገልብጣ በጀርባው በእስክሪፕቶ «አዋቂ መቶ ሃምሳ፣ ሕፃን ሰማንያ፣ በጫማ መግባት ክልክል ነው» ብላ ጽፋበታለች።

«የእርስዎ ጽሑፍማ በጣም ረጅም ነው» አለች፣ አፍራ ሳይሆን አዝናልኝ። «ደግሞ አሲዱ ይሸተኛል። እፈራዋለሁ። እርስዎ ሊመጡ ሲሉ ትንሽ ጠብ አደርጋለሁ እንጂ አልነካውም።»

«ውሃውስ መቼ ነው የተቀየረው?»

«ምን ይቀየራል! አለቃችን የፓምፑን መብራት ሲያስብ ያመዋል። እኔ ከገባሁ አልተቀየረም። ሲጎድል እንሞላለን፣ ክሎሪን እጨምራለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ አበቃ።»

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። መጀመሪያ ግን ልለካ ብዬ ተንበረከክኩ። ፒኤቹ ሰባት ነጥብ ሰባት። በእኔ ወረቀት መሠረት ሰባት ነጥብ ስድስትን ካለፈ አንድ ኩባያ አሲድ መጨመር አለባት። አልጨመረችም። ሙቀቱ አሥራ ዘጠኝ። ቀጥሎ የብሩክን ጠርሙስ አወጣሁ፤ ቀይ የሆነው ውሃ ሰማያዊ እስኪሆን ጠብታ መቁጠር ነው፣ አንዱ ጠብታ አሥር ነው። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። ሃያኛው ላይ ሰማያዊ ሆነ። አልካሊኒቲው አሥር ጠብታ ወሰደ። ጉልበቴ ላይ ደመርኩ፤ ሰባት ነጥብ ሰባት፣ ዜሮ ነጥብ አምስት፣ አንድ ነጥብ ዘጠኝ፣ ሁለት። አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ። ቀነስኩ።

ዜሮ። ድፍን ዜሮ! ወይ ጉድ! ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢያመጣልኝ ኮርጀሃል እለው ነበር።

እጄን ወደ ውሃው ሰድጄ ግድግዳውን ዳበስኩት። ለስላሳ ነው፤ አንድም የተበላ ቦታ የለውም። የገባኝ ያኔ ነው። ጫልቱ የምትጨምረው ዱቄት ክሎሪን ራሱ ኖራ አለበት፤ ውሃው ሳይቀየር ስለኖረ ኖራው ተጠራቅሞ ጠግቧል። ሰነፍ ያልኳት ልጅ፣ ወረቀቴን ገልብጣ ዋጋ የጻፈችበት ልጅ፣ ገንዳዋን አድናዋለች። ታዲያ ወረቀቴን አንድ ፊደል ሳያጎድሉ የፈጸሙትስ?

«ቲቸር፣ ተቆጡ እንዴ?» አለች ጫልቱ።

«አልተቆጣሁም።»

«ታዲያ ምነው ፊትዎ ልክ አይደለም?»

«ርቦኝ ነው» አልኳት። በር ላይ ካለችው ምግብ ቤት በያይነት ገዛችልኝ፤ ገንዘቡን ብሰጣት እምቢ አለች። ምስሩ ጥሩ ነበር፣ ግማሹን ተውኩት እንጂ። አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ኦቦ ገመዳ እጄን ይዘው ገንዳው ዳር ወስደው፣ «መምህርት፣ ግድግዳው እየሻከረ ነው» ብለውኝ ነበር። እኔ ሳልጎነበስ «ሲሚንቶው መናኛ ይሆናል» ብዬ አለፍኩ።

ወደ ሱሉልታ

ከቡራዩ በአስኮና በዊንጌት አድርጌ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ የሱሉልታ ታክሲ። ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ገባ። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ፤ የድርቆሽ ክምር፣ ያላለቁ ፎቆች፣ በአስፋልቱ ዳር ልምምድ የሚሮጡ አትሌቶች። ሌላ ጊዜ ይህን ሜዳ ሳይ ደስ ይለኛል። የዚያን ቀን ግን ሠንጠረዡን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ምነው በተሳሳትኩ እያልኩ ነበር የምሄደው።

አጠገቤ የተቀመጡ አባት በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቁኝ። ሰላምታው ገባኝ፣ የቀረው አልገባኝም፤ በአማርኛ ደገሙልኝ። «ሰው ሞቶብሽ ነው ልጄ?»

«ኧረ የለም አባባ። ሥራ ነው።»

«ሥራማ ይሻላል» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሱሉልታ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል

ከእንግዳ ማረፊያው በር ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ስንቴ አልፌው እንደገባሁ እንጃ፤ ያነበብኩት ያን ቀን ነው። «ውሃችን የምንጭ ውሃ ነው። በየሐሙሱ ይቀየራል» ይላል። የአዲስ አበባ ሰው ያደረ ውሃ አያምንም። ክሎሪን ተደርጎበታል፣ ተጣርቷል ብትሉት አይሰማችሁም፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው «መቼ ነው የተቀየረው?» ብሎ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ገንዳው ሙሉ ይደፋል፣ አዲስ የምንጭ ውሃ ይሞላል። ደንበኛው ይደሰታል። ውሃው ግን ሁልጊዜ አዲስ፣ ሁልጊዜ ለስላሳ፣ ሁልጊዜ የተራበ ነው። ከሁለት ወር ጾም እንደወጣ ሰው ያገኘውን ይበላና ሐሙስ ሲሆን ወደ ቦይ ይሄዳል፤ በቦታው ሌላ የተራበ ይገባል።

ኦቦ ገመዳ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀበሉኝ። «አካም ጂርቱ፣ መምህርት? በሰላም መጣችሁ?» ሲያከብሩኝ እንደ ኦሮምኛው በብዙ ቁጥር ነው የሚያናግሩኝ። ስድሳውን አልፈዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ ሰው ናቸው። አዴ ሌንሴን ልጠይቅ ክፍላቸው ገባሁ። ተጋድመው ነበር፤ እጄን ይዘው «አንቺ መጣሽልን፣ በቃ ተመስገን!» አሉ። ኦቦ ገመዳ ነግረዋቸዋል፤ መምህርት መጥታ ሁሉን ነገር ታስረዳለች ብለዋቸዋል።

ገንዳው ዳር ስንቆም ወረቀቴ ቦታው ላይ ነበር። ላስቲኩ በጨርቅ ተወልውሎ ያበራል። ኦቦ ገመዳ ሳያዩት አሉልኝ፤ «ጠዋት ጠዋት ፒኤች ለካ። ከሰባት ነጥብ ስድስት ካለፈ አንድ ኩባያ አሲድ በባልዲ ውሃ አቅጥነህ ጨምር። ሁለት ሰዓት ጠብቅ። እንደገና ለካ።» ከዚያ አከሉ፣ «አንድም ቀን አልዘለልኩም። ሌንሴ ሆስፒታል የተኛች ቀን እንኳ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ለክቼ ነው የሄድኩት። ውሃው ግን መምህርት፣ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ለምንድነው?»

ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ውሃው የሲሚንቶውን ኖራ ሲበላ ፒኤቹ ይወጣል። ሲወጣ እሳቸው አሲድ ይጨምራሉ። አሲዱ ውሃውን መልሶ ያስርበዋል። ከዚያ ይበላል።

ለካሁ። ጠዋት አሲድ ስለጨመሩ ፒኤቹ ሰባት ነጥብ ሁለት። ሙቀቱ አሥራ ስድስት። የኖራውን ጠብታ ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰማያዊ ሆነ።

«አለቀ?» አሉ ኦቦ ገመዳ።

«አለቀ።» አልካሊኒቲው አራት ጠብታ ብቻ ወሰደ። ደምሬ ቀነስኩ፤ ከዜሮ በታች አንድ ነጥብ ስምንት። ግድግዳውን ስነካው መዳፌ ላይ አሸዋ ቀረ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ይህን አልሸሸግኩም፣ ቢያንስ ለእሳቸው አልሸሸግኩም። ውሃው ኖራ እንዳጣ፣ ከግድግዳው እንደሚወስድ አስረዳሁ።

«ይገባኛል» አሉ። «ላምም አሞሌ ስታጣ ግድግዳ ትልሳለች።» ወደ ውሃው አዩ። «አሲዱስ?»

«አሲዱ ይበልጥ ያስርበዋል።»

ወደ ወረቀቱ ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ። «እሱ ጨምር ነው የሚለው።»

«አዎ ኦቦ ገመዳ። ስለ ኖራው መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። መለካት ነበረብኝ፤ አልለካሁም። ኖራ የሚሰጠው ካልሲየም ክሎራይድ ሁለት ከረጢትና ጥቂት ሶዳ ቢጨመርበት፣ ውሃውም በየሳምንቱ ባይደፋ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

ይናደዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ አሲዱ ጣቶቻቸውን ሰነጣጥቋቸዋል። «ምነው በሰነፍኩ!» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ግን ፊታቸው ፈታ አለ፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነሱ። «በሉ እንግዲህ፣ ይህንኑ ለአቶ ታደለ ንገሩልኝ። እኔ ብል አይሰሙኝም። እናንተ ስትናገሩ ይሰማሉ።»

በረንዳው ላይ፣ አሥር ሰዓት ገደማ

አቶ ታደለ ሻይ አስመጡልኝ። ኦቦ ገመዳ ቆመዋል፣ ኮፍያቸው በእጃቸው ነው። የጻፍኩትን ወረቀት አቀበልኩ። የጻፍኩት እውነት ነው፤ ውሃው ለስላሳ መሆኑን፣ በየሳምንቱ መቀየሩ ጉዳት እንዳመጣ፣ ኢንዴክሱ ስንት እንደሆነ ሁሉ አለበት። ወረቀቱ ላይ የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሲድ እንዲጨመር ያዘዝኩት እኔ መሆኔ። በአፌ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ወረቀት ይቀራል፣ ቃል ግን ለስለስ ብሎ ሊነገር ይችላል ብዬ ነበር። 

አቶ ታደለ አነበቡና ሳቁ። «መምህርት፣ ውሃ ካልቀየርኩ ማን ይመጣልኛል? ያደረ ውሃ ውስጥ ልጁን የሚነክር ሰው አለ? እሺ ይሁን፣ ውሃውም ነው እንበል። ውሃ ግን ብቻውን ይህን አያደርግም። አሲዱስ? እኔ ስንት ጀሪካን አሲድ ነው የገዛሁት! በየቀኑ አሲድ ጨምር ብሎ ያዘዘው ማነው?»

ኦቦ ገመዳ ዞረው አዩኝ። ወረቀቱ ያለበት ግድግዳ ከበረንዳው ይታያል፤ እጃቸውን አንስተው ሊያሳዩ ይችሉ ነበር። አላሳዩም። እኔን ነበር የሚጠብቁት፤ እንድናገር ቦታ ነው የተዉልኝ።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልጻፈው። አቶ ታደለና የቡራዩው ባለቤት ይተዋወቃሉ። የሰበታው የአቶ ታደለ ዘመድ ነው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ እስከ ሰኞ ሦስቱም ጋ ይደርሳል። ከዚያ ማን ይጠራኛል? ይህን አሰብኩና ምላሴ እንዲህ አለ፤ «እንግዲህ አሲድ... በጥንቃቄ ካልተያዘ ጉዳት አለው።»

አልዋሸሁም። አሲድ በጥንቃቄ ካልተያዘ ጉዳት አለው። ከዚህ የከፋ ውሸት በዕድሜዬ ተናግሬ አላውቅም።

«ይኸው!» አሉ አቶ ታደለ ጠረጴዛውን መትተው። «ራሳቸው መምህርት አሉ!»

ኦቦ ገመዳ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። «የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሌላ ሰው አልጨመረም።» ከኪሳቸው የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አቶ ታደለ ክፍሏን እስከ እሑድ እንዲለቁ ነገሯቸው። «እሺ» አሉ። ለመቆየት አልለመኑም።

ሳጥኔን ለማንሳት ስጎነበስ ቀድመው አነሱት። እንዳይሸከሙ ብለምናቸው እምቢ ብለው እስከ አስፋልቱ ይዘውልኝ ወጡ። እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም፣ በዚያ አገር ደንብ። ታክሲ ሲመጣ ሳጥኑን መቀመጫው ሥር አስገብተው «ነጋቲ» ብለው ተሰናብተውኝ ተመለሱ። አዴ ሌንሴን ሳልሰናበት ነው የሄድኩት። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ!

ወደ ቤት

የመልሱን መንገድ ብዙም አላስታውሰውም። አዲሱ ገበያ ላይ ሰልፍ ነበር፣ አየር ጤና ላይም ሰልፍ። የሰበታው ረዳት አምስት ብር ጨመረብን፤ ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔ ዝም ብዬ ከፈልኩ። «እማማ ብቻ ናቸው ሰው!» ብሎ አመሰገነኝ። ከተማው ሲመሽ ቤቴ ገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን መጻፍ ደንብ ነው፤ እጽፋለሁ። ገንዳ ያላችሁ ሰዎች፣ ውሃችሁን በየሳምንቱ አትድፉ። ጥሩ ውሃ ያደረ ውሃ ነው፤ በየቀኑ ተጠርጎ፣ ክሎሪኑ ተጠብቆ ይደር። የሱሉልታ ዓይነት ለስላሳ ውሃ ካላችሁ ኖራውን ለኩ፣ ካነሰ ጨምሩ፣ ፒኤች ብቻ እያያችሁ አሲድ አታፍሱ። ለሌላው ሁሉ መካሪ ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። ስለ ራሴ የተማርኩት ደግሞ ይህ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ልጆችን «ስህተት መሥራት አያሳፍርም፣ ተናገሩ» እያልኩ ኖሬያለሁ። ሲደርስብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተኝ።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለአቶ ታደለ ደወልኩ። አሲዱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ፣ ሰውዬው አንድም ነገር አላጠፉም አልኳቸው። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። እስኪጮሁብኝ ጠበቅኩ።

«እህ» አሉ። «አሁን ምን ያደርጋል መምህርት? ትናንት ሌላ ልጅ አስገብቻለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ክፍሏንም ይዟል። ይልቅ መጥተው እሱን ያሠልጥኑልኝ።»

እንዲያ ነው። የፈራሁት ሥራ አልቀረብኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ውጭ የሚያድረው ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አይናገርም።

ከዚያ ለኦቦ ገመዳ ደወልኩ። መናገሻ፣ ወንድማቸው ቤት ናቸው። አዴ ሌንሴን በጭነት መኪና፣ ፍራሽ ላይ አስተኝተው እንደወሰዷቸው ነገሩኝ። ለአቶ ታደለ ሁሉንም መናገሬን ነገርኳቸው። ቃል በቃል ደገምኩላቸው፣ እንዲያምኑኝ።

«ደግ አደረጋችሁ» አሉ። ከጀርባቸው የከብት ድምፅ ይሰማኛል። ስልኩን የዘጉት መስሎኝ ነበር።

«እዚያው ቆመን ሳለን ቢሆን ግን ጥሩ ነበር» አሉኝ።